ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ

በእኛ አገር ሰው ተሰልፎ ካያችሁ ምክንያቱ ከሦስት አያልፍም። ወይ ታቦት ወጥቷል፣ ወይ ባለሥልጣን መጥቷል፣ ወይ ደግሞ ቀበሌ ስኳር ገብቷል። ለገዛ ደስታው ብሎ የሚሰለፍ ሰው ብርቅ ነው። አሜሪካ የሚኖር አንድ ወዳጄ ልጁ የትምህርት ቤቱ ማርሽ ባንድ ውስጥ መግባቱን በስልክ ሲያጫውተኝ ታዲያ ተገረምኩ። የልጁ ዓመት በሰልፍ ተጀምሮ በሰልፍ ያልቃል። ትምህርት ገና ሳይከፈት በነሐሴ ሐሩር ሜዳ ላይ ጡሩምባውን ይዞ እርምጃ ሲቆጥር ይውላል። በመስከረምና በጥቅምት በእግር ኳሳቸው ዕረፍት ሰዓት (እግር ኳስ ይሉታል እንጂ የሚጫወቱት በእጃቸው ነው) ባንዱ ሜዳውን ይሞላዋል። ባንዲራ የሚያውለበልቡና እግራቸውን እኩል የሚያነሱ ልጃገረዶችም አብረው ይወጣሉ። ብርዱ ሲያልፍ ደግሞ አዳራሽ ገብተው ለወላጅ ይጫወታሉ። ወዳጄን ያማረረው የጡሩምባው ኪራይ ነው። እኔን ያስቀናኝ ሌላ ነው፤ ልጁን ማንም አላስገደደውም።

እኔ የተማርኩት ፍኖተ ሰላም ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ «የእኛስ ባንድ የት ሄደ?» ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

መቼም ሰልፍና ሙዚቃ ለዳሞትና ለቡሬ ሰው እንግዳ ናቸው የሚል የለም። የድሮ ሹም ክብሩ የሚለካው በነጋሪቱ ነበር። ነጋሪቱ በበቅሎ ተጭኖ እየተጎሰመ፣ መለከቱና እምቢልታው እየተነፋ ጦር ይንቀሳቀሳል። እምቢልታን ልብ በሉልኝ። አንዱ እምቢልታ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ዜማ የሚሆነው ነፊዎቹ ተራ እየጠበቁ ሲቀባበሉት ነው። ባንድ ማለት ሌላ ምን ሊሆን ነው? አዋጅም የሚነገረው ነጋሪት ከተጎሰመ በኋላ ስለነበር፣ በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የመንግሥት ሕግ ማውጫ «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ።

የናሱ ጡሩምባ የመጣው ከአድዋ ድል በኋላ ነው። የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒኮላይ ለዳግማዊ ምኒልክ የሙዚቃ መሣሪያ በስጦታ ላኩ። ትልቁ ነገር የሆነው ግን በ1916 ዓ.ም. ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ በቱርክ ከደረሰው እልቂት የተረፉ የአርመን ሙት ልጆች ባንድ ሲጫወት ሰሙ፤ አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። አባትና እናት የሌላቸው፣ አገር የሌላቸው ልጆች መጥተው ለሰው አገር ንጉሥ ማርሽ ይነፉ ጀመር። አለቃቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ በ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል የተሰማው የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማም የሱ ነው።

እዚህ ላይ ጎጃም ብቅ ይላል። የዚያ መዝሙር ግጥም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ዮፍታሔ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው፤ ያደገው በቅኔው ነው። አዲስ አበባ ገብቶ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ተማሪዎቹን ተውኔትና መዝሙር ያስጠና ነበር፤ ከኬቮርክም ጋር አብሮ ሠርቷል። እስቲ አስቡት። አንዱ አማርኛ ገና እየለመደ ያለ አርመን፣ ሌላው ሰምና ወርቅ ሲፈትል ያደገ የጎጃም ደብተራ፤ ሁለቱ ተገናኝተው በናስ ጡሩምባ ላይ አማርኛ ሲጭኑ። እንግዲህ የአገራችን የተማሪ መዝሙር አባቱ አርመን፣ እናቱ ጎጃም ነው ብል ማን ይከሰኛል?

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ዮፍታሔ ሱዳን ተሰደደ። በ1933 ዓ.ም. ንጉሡ የተመለሱት በጎጃም በኩል ስለሆነ ቡሬም ፍኖተ ሰላምም (ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር) የታሪክ መንገድ ላይ ወደቁ። እንግሊዛዊው ዊንጌት ይመራው የነበረው ጦር «ጌዴዎን» ይባል ነበር። መጽሐፈ መሳፍንትን ያነበበ ያውቃል፤ ጌዴዎን የምድያምን ሠራዊት የበተነው በሦስት መቶ ሰው፣ በቀንደ መለከትና በተሰበረ ማሰሮ ነው። ዊንጌትም ቡሬ ላይ የያዘው ሰው ከሁለት ሺህ አይበልጥም፤ ጣሊያን በሺዎች ይቆጠራል። እናም ጨለማ ተገን አድርጎ መተኮስ፣ በድምፅ ማጉያ ባንዳውን «ና ወደ ንጉሥህ» እያሉ መጥራት፣ ትንሹን ብዙ ማስመሰል ነበር ዘዴው። ከአርበኞቹም ጋር ሆኖ ሠራለት። የቡሬው የጣሊያን ጦር በየካቲት መጨረሻ ምሽጉን ጥሎ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። ቡሬ የተያዘችው በግማሽ ጥይት፣ በግማሽ ድምፅ ነው ማለት ይቻላል።

ከድል በኋላ የክብር ዘበኛው፣ የጦር ሠራዊቱና የፖሊሱ ባንዶች አደጉ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምናሞግሰው ሙዚቃ ከእነዚህ የሰልፍ ባንዶች ሆድ ነው የወጣው። ጥላሁን ገሠሠን ክብር ዘበኛ አሳደገው። ጌታቸው መኩሪያ በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ጀምሮ በኋላ ፖሊስ ኦርኬስትራ ገባ፤ በ2008 ዓ.ም. እስካረፈ ድረስም ሽለላን በሳክስፎን ሲነፋ ኖረ። ጎጃሜው ጠመንጃውን ወድሮ እየተንጎራደደ የሚያሰማውን ሽለላ ማለቴ ነው። ማርሽ የተማረ ትንፋሽ ወደ አገሩ ሽለላ ተመለሰ።

ግን ይህ ሁሉ አዲስ አበባ ነው። አውራጃ ድረስ የወረደው ጡሩምባው ሳይሆን ትእዛዙ ነው።

የእኛ ዓመት እንዲህ ነበር። በ1970ዎቹ መስከረም 2 አብዮት በዓል ስለሆነ ልምምዱ የሚጀመረው ነሐሴ ላይ ነው፤ ልክ እንደ ወዳጄ ልጅ። ልዩነቱ የፍኖተ ሰላም ነሐሴ ጭቃ መሆኑ ነው። አሥረኛው ዓመት በ1977 ሲከበር አዲስ አበባ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሳይቀር መጥተው ሰልፉንና የጅምናስቲኩን ትርዒት አሠልጥነዋል። እኛ ጋ የደረሰው አንድ የስፖርት አስተማሪ፣ አንድ ፊሽካና አንድ ከበሮ ነው። ከእንጨት የተጠረበ ጠመንጃ ታድሎን «ተጠንቀቅ! ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ!»

ከባዱ ሥራ የገጠሩን ልጅ ማሰለፍ ነበር። በእግር ማን ይበልጠዋል? ቅዳሜ ሦስትና አራት ሰዓት ተጉዞ ወላጆቹ ዘንድ ያድራል፤ እሑድ የሳምንት ስንቁን ተሸክሞ በዚያው መንገድ ወደ ተከራያት ክፍል ይመለሳል። እጁ ነው ያስቸገረው። የጎጃም ገበሬ ሲሄድ ዱላውን ትከሻው ላይ አግድሞ ሁለት እጁን በላዩ ላይ ይጥላል። ልጁም ያንን አይቶ ነው ያደገው። ዱላውን ነጥቀህ «እጅህን እያወዛወዝክ ሂድ» ስትለው እጁ የት እንደሚገባ ግራ ይገባዋል። አስተማሪያችን ይጮኻል፤ ልጁ ቀኝ እጁን ከቀኝ እግሩ ጋር ያወጣል፤ እኛ እንስቃለን። ዛሬ ሳስበው ያ ልጅ ከሁላችንም የተሻለ አረማመድ ነበረው። የራሱ የሆነ፣ ማንም ያላዘዘው አረማመድ።

በዚያው በባንዲራው እንጨት ሥር ሦስት መዝሙር ተዘምሯል። አባቶቻችን የኬቮርክን፣ እኛ የደርጉን፣ ልጆቻችን ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የወጣውን። በኋላ ደግሞ የሰንደቅ ዓላማ ቀን በየዓመቱ ተጨመረ። መንግሥት በተቀየረ ቁጥር ዜማው ይቀየራል፤ ፊሽካው ግን አልተቀየረም። ከሦስቱ መንግሥታት አንዱም ለገጠር ትምህርት ቤት አንዲት ጡሩምባ ትግባ አላለም። ሰልፍ ያለ ሙዚቃ ከሆነ ደግሞ መቆጣጠሪያ ነው የሚሆነው።

ታዲያ ሕዝቡ የራሱን ባንድ ሌላ ቦታ ሠራ። ከቡሬ አለፍ ብላችሁ እንጅባራ ጥር 23 ብትደርሱ የአገው ፈረሰኞችን ታያላችሁ። ማኅበራቸው በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ለአድዋ ፈረሶችና ለዘመቱት አባቶች መታሰቢያ። አሜሪካኖች የመጀመሪያ የሚሉት የልጃገረዶች የሰልፍ ቡድን ቴክሳስ ውስጥ ኪልጎር ኮሌጅ የተቋቋመው ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። የእነሱ እግር ያነሳል፣ የእኛ ፈረስ ያስነሳል። ፈረሱ ሲያጌጥና ፈረሰኞቹ ወደ ሜዳው ሲተሙ ፊሽካ የሚነፋ የለም። የጥምቀት ዕለት ደግሞ የሰንበት ተማሪዎች ዩኒፎርማቸውን ለብሰው፣ ከበሮውን በአንገታቸው አንጠልጥለው በመስመር ሲያሸበሽቡ እዩ። ሁለት ወር የተለማመዱበት ነው። በክፍል ውስጥ አንድ መስመር መቆም ያቃተው ልጅ እዚያ አንዲት እርምጃ አይስትም።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ አካባቢው ጦርነት ውስጥ ገባ። በዚያው ነሐሴ ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ በአየር ጥቃት ሰው አለቀ። በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆኑ። ስለዚያ ፊሽካ ይህን ያህል የተማረርኩት ሰውዬ፣ መስከረም በጠባ ቁጥር እዚያ ላሉ ዘመዶቼ ስደውል ከሰላምታ ቀጥሎ የምጠይቀው «ፊሽካ ተነፋ ወይ?» ነው። በ2015 ዘጠነኛ ክፍል የነበረ ልጅ፣ ደህና ቢሆን ኖሮ፣ በ2018 አሥራ ሁለተኛን የሚጨርስ ነበር።