እንጨት ያቆማት መኪና

መኪና ሲባል በአብዛኞቻችን ኅሊና ቀድሞ የሚመጣው ብረት ነው። የመኪናን ታሪክ ወደ ኋላ እየገለጠ ለሚያነብ ሰው ግን ከብረቱ በፊት የአናጺው መጋዝና መዶሻ ይሰማዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ላወሳ የፈለግሁት ያንን የተረሳ ዘመን፣ ከዚያም ዘመን ተርፈው ዛሬም በጎዳና ላይ የሚታዩ መኪኖች የሚያስነሡትን አንድ ጥያቄ ነው፤ ያረጀ እንጨት ይጠገናል ወይስ ይለወጣል? ጥያቄው የአናጺ ብቻ ይመስላል። እኔ ግን የታሪክም ጥያቄ ነው ባይ ነኝ።

የመጀመሪያዎቹን መኪኖች አካል የሠሩት በፈረስ የሚጎተት ሠረገላ ሲሠሩ የኖሩ ባለሙያዎች ናቸው። ሞተሩ አዲስ ይሁን እንጂ ተሳፋሪው የሚቀመጥበት ክፍል የሠረገላ ልጅ ነበር። በቅድሚያ የእንጨት አጽም ይታነጻል፤ በላዩም ላሜራ ወይም ስስ ጣውላ ይለበጣል። እ.ኤ.አ. በ1908 ለገበያ የቀረበችው የሄንሪ ፎርድ «ሞዴል ቲ» እንኳ ከላሜራዋ ሥር የእንጨት አጽም፣ በጎማዋም መካከል የእንጨት ዘንጎች ነበሯት። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከተማ የገቡት የመጀመሪያዎቹ መኪኖችም የዚሁ የአናጺ ዘመን ፍሬዎች ናቸው።

አናጺውን ከፋብሪካው ያስወጣው የእንጨት ድክመት ብቻ አልነበረም። ከ1910ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በፊላደልፊያ የሚገኘው የኤድዋርድ በድ ኩባንያ ለዶጅ መኪኖች ከብረት ብቻ የተሠራ አካል ያቀርብ ጀመር። የብረት መጭመቂያው ማሽን በአንድ ምት በር ወይም ጣሪያ ያወጣል። እንጨት ግን እስኪደርቅ ጊዜ፣ እስኪገጥም ደግሞ የሠለጠነ ዐይንና እጅ ይጠይቃል። ይሁንና ማሽኑ እጅግ ውድ ስለሆነ ወጪውን የሚመልሰው መኪናው በብዛት ሲመረት ብቻ ነው። ስለዚህ እንጨት በቁጥር ጥቂት በነበሩት መኪኖች ላይ፣ በተለይም ሰውንም ዕቃንም በአንድነት በሚጭኑት ላይ፣ ለብዙ ዓመታት ሰነበተ።

ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1920 በሚሺገን ግዛት፣ በአይረን ማውንቴን አካባቢ ሰፊ ደን ገዝቶ የእንጨት መሰንጠቂያ አቋቋመ። ከ1929 ጀምሮም ባለ እንጨት አካል የቤተሰብ መኪና አቀረበ። ከመሰንጠቂያው የሚተርፈው ቁርጥራጭ እንኳ ከሰል እየሆነ ይሸጥ ነበር። በፎርድ ቤት የእውነተኛው እንጨት ዘመን በ1951 አበቃ። ከዚያ በኋላ «ካንትሪ ስኳየር» የተባለችው መኪና በብረት ጎኗ ላይ የእንጨት ሥዕል የታተመበት ሽፋን ለብሳ እስከ 1991 ድረስ ተመረተች። ሰዎች እንጨቱን ከተዉት በኋላ መልኩን ለ40 ዓመት ያህል መግዛታቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል። መልኩን ወደዱት፤ ጣጣውን ግን አልፈለጉትም።

ጣጣውንም ጭምር ተቀብላ የኖረች አንዲት መኪና አለች፤ እንግሊዛዊቷ «ሞሪስ ማይነር ትራቨለር»። «ማይነር» በአሌክ ኢሲጎኒስ ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕዝብ ቀረበች፤ «ትራቨለር» የተባለችው ባለ እንጨቷ እኅቷ በ1953 ተከተለች፤ እስከ 1971ም ከ200,000 በላይ ተመረተች። የፊት ክፍሏ ብረት ነው። ከፊት በሮቿ ኋላ ያለው አካል ግን «አሽ» በሚባል እንጨት ተዋቅሮ በአሉሚኒየም ተሸፍኗል። አንባቢ ሆይ፣ እንጨቱ ጌጥ አይደለም፤ ጎኑን፣ ጣሪያውንና የኋላ በሮቹን ተሸክሞ የሚያቆመው ምሰሶ እርሱ ነው። እንጨቱ ከበሰበሰ መኪናዋ መልኳን ብቻ ሳይሆን አቋሟንም ታጣለች።

አሽ የአገራችን ዛፍ አይደለም፤ በሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት አመዳደብ ግን ከወይራ ጋር የአንድ ቤተሰብ አባል ነው። የእኛ ሰው ወይራን ለዱላ እንደመረጠ ሁሉ የእንግሊዝ ገበሬም አሽን ለመጥረቢያ እጀታና ለጋሪ መርጦት ኖሯል። ምት ይችላል፤ በእንፋሎት ሲሞቅም ሳይሰበር ይጎብጣል። አንድ ክፉ ጠባይ ግን አለው፤ እርጥበት ላይ ሲቆይ መበስበስን የመቋቋም አቅሙ እጅግ አነስተኛ ነው።

በትራቨለር ላይ ውሃው የሚገባው ብዙውን ጊዜ በተንሸራታቹ መስኮት ሐዲድና በእንጨቶቹ መጋጠሚያ በኩል ነው። ቫርኒሹ ሲሰነጠቅ ውሃ ከሥሩ ይሰርጋል፤ ከገባም በኋላ ያው ቫርኒሽ እንዳይደርቅ ይይዘዋል። መጀመሪያ የሚታየው ጥቁር ነጥብ ነው፤ ቀጥሎ መጋጠሚያው ይላላል፤ ብሎኖቹ ዝገው መያዝ ይሳናቸዋል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው የአበው ብሂል ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ከውጭ ለሚያይ ሰው መኪናዋ ለዓመታት ደኅና ናት። አንዳንድ ሻጭም ጉድጓዱን በስቱኮ ደፍኖ በላዩ ቀለም ሲቀባበት ገዢው የሚያየው የተወለወለ እንጨት ነው። እውነቱን የሚያወጣው ጠንከር ብሎ የሚጫን ብሎን መፍቻ ብቻ ነው፤ ጤነኛ እንጨት ይመልሰዋል፤ የበሰበሰው ግን ያስገባዋል።

እንግዲህ ጥያቄያችን እዚህ ላይ ይመጣል። አንደኛው ወገን «የተቻለው ያህል አሮጌው ይቆይ» ይላል። በዚህ መንገድ የበሰበሰው ብቻ ተቆርጦ ይወጣል፤ ጤነኛው ጫፍ ቀጥ ብሎ ሳይሆን በረጅም ሰያፍ ይቆረጣል፤ አዲሱም እንጨት በዚያው ሰያፍ ልክ ተዘጋጅቶ በማጣበቂያ ይያያዛል። ጀልባ ሠሪዎች የሰያፉን ርዝመት የእንጨቱን ውፍረት ስምንት እጥፍ ያህል ያደርጉታል፤ ኮላ የእንጨቱን የተቆረጠ ጫፍ ሳይሆን በርዝመቱ የሚሄደውን ጅማት ነውና አጥብቆ የሚይዘው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ሁሉንም ፈትተህ በአዲስ ተካ» ይላል። አዲስ የተዘጋጀ ሙሉ የእንጨት አጽም የሚሸጡ ባለሙያዎች ስላሉም ይህ መንገድ የሚቻል ነው።

የመጀመሪያው ወገን ሁለተኛውን «ቅጂ ሠራህ እንጂ አላደስክም» ብሎ ይከሰዋል። እኔ በዚህ ክስ አልስማማም፤ ሆኖም ሁሉን በአዲስ የመተካት ጥድፊያንም አልደግፍም። መለያው እንጨቱ የሚሠራው ሥራ ይመስለኛል። ሸክም የሚሸከም ምሰሶ ታማኝነቱ የሚለካው በጥንካሬው ነው፤ ተሳፋሪዎች ከሥሩ ተቀምጠዋልና በእርሱ ላይ ናፍቆት ቦታ የለውም። ሸክም የሌለበት የውስጥ ክፍል ግን፣ ቢጫጭርም ቢጠቁርም፣ የሠሪውን የመሮ ምልክት የያዘ ምስክር ስለሆነ ሊቆይ ይገባዋል። የተለወጠውም አሮጌ ቁራጭ ቶሎ መጣል የለበትም። ለአዲሱ ልክ የሚወሰደው ከእርሱ ነው፤ እርሱን የጣለ ሰው ልኩንም ጥሏል።

ይህ ክርክር ከእጅ ሙያ አልፎ የሕይወት ጉዳይ የሚሆንበት ምክንያት አለ። በብሪታኒያ ዓመታዊ የመኪና ምርመራ የትራቨለር እንጨት እንደ ማንኛውም ተሸካሚ አካል ይታይ ነበር፤ የበሰበሰበት መኪና ያንን ምርመራ አያልፍም። ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት የበለጠና መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገባቸው መኪኖች ከዚህ ምርመራ ነፃ ሆኑ። መኪናው በደኅና ይዞታ መገኘት አለበት የሚለው ሕግ አልተነሣም፤ በየዓመቱ መጥቶ እንጨቱን የሚነካካው የግዴታ መርማሪ ግን ቀረ። አሁን መርማሪው የባለቤቱ ኅሊና ነው። ለቅርስ አክብሮት ተብሎ የተሰጠ ነፃነት ባልተነካ ቫርኒሽ ሥር የተደበቀ አደጋም ሊሆን ይችላል።

ሌላው ጉዳይ የዛፉ የራሱ ነው። ከምሥራቅ እስያ የመጣ አንድ የፈንገስ በሽታ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በፖላንድ የአሽ ዛፎች ላይ ታየ፤ በ2012 ደግሞ በብሪታኒያ መግባቱ ተረጋገጠ፤ ከዚያ ወዲህም የአገሪቱን አሽ እያደረቀው ነው። በሰሜን አሜሪካም ከእስያ የመጣ አረንጓዴ ጥንዚዛ እ.ኤ.አ. በ2002 በዲትሮይት አካባቢ ተገኝቶ አሽን በሚሊዮኖች ፈጅቷል። የመኪናዋ መዲና የዚህ ጥፋት መነሻ መሆኗ የታሪክ ምፀት ነው። በእንግሊዝ አገር በሞልቨርን የሚገኘው የሞርጋን ፋብሪካ ለባለ አራት ጎማ መኪኖቹ ዛሬም የአሽ አጽም ያበጃል። ስለዚህ አሽ የድሮ ትዝታ ብቻ አይደለም፤ ዛሬም እንጀራ የሚበላበት እንጨት ነው።

ብረት ሲዝግ በፋብሪካ የተሠራ ሌላ ብረት ይተካዋል። እንጨት ሲበሰብስ ግን አንድ ሰው ዐሥርት ዓመታት የፈጀ ዛፍ መምረጥ፣ ማድረቅ፣ መላግና ማጋጠም አለበት፤ ይህንንም ለማድረግ ከሌላ ሰው መማር አለበት። ትራቨለር በጎዳና ላይ እስካለች ድረስ ከኋላዋ አንድ የሚያውቅ አናጺና አንድ ጤነኛ ዛፍ መኖር ይኖርበታል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ፣ መኪናዋ በሙዚየም ልትቆም ትችል ይሆናል፤ በመንገድ ላይ ግን አትዘልቅም።