«ብቁ» ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደቀው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የሥራ መድልዎ ክስ የሚያቀርበውን ሰው «ብቁ» ሁን ይለዋል። ብቁ የሚባለው፣ አሠሪው ሁኔታዎችን ቢያመቻችለትም ባያመቻችለትም፣ የያዘውን ወይም የሚፈልገውን ሥራ ዋና ዋና ተግባራት ማከናወን የሚችል ነው። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ግሦቹ ሁሉ የአሁን ጊዜ ናቸው።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

አንዲት የሳንፎርድ ከተማ፣ ፍሎሪዳ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በፓርኪንሰን ሕመም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2018 ጡረታ ወጣች። በከተማዋ ደንብ 25 ዓመት ያገለገሉ ጡረተኞች እስከ 65 ዓመታቸው የጤና መድን ድጎማ ያገኙ ነበር፤ በአካል ጉዳት ቀድመው የወጡት ግን ቢበዛ 24 ወር። ከተማዋን ከሰሰች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2025 (እ.ኤ.አ.) ክሷን አልተቀበለም፤ ሥራ ያልያዘና የማይፈልግ ጡረተኛ ስለ ሥራ መድልዎ በሚደነግገው የሕጉ ክፍል «ብቁ» አይደለም አለ። (የጡረታ ጥቅም ሲቀነስ የሚጎዳው ጡረተኛው መሆኑን ላሰበ፣ ግር ያሰኛል።) ዳኛ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን በውሳኔው ሳይስማሙ የልዩነት ሐሳብ ጽፈዋል።

ከሥራ ለተሰናበተ ጉዳተኛ ይኸው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 የሰጠው ውሳኔ ይሻላል። «መሥራት አልችልም» ብሎ የማኅበራዊ ዋስትና ክፍያ የጠየቀ ሰው በዚያ ብቻ የመድልዎ ክሱን አያጣም፤ ክፍያውን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት አሠሪው ሊያደርግ የሚችለውን ማመቻቸት ከግምት አያስገባምና። ሁለቱ ቃሎቹ እንዴት እንደሚታረቁ ግን ማስረዳት አለበት።