ከ1983 የወረስነው 64 ባይት

ዊንዶውስ ሲጫን «በዚህ ዲስክ ላይ መጫን አይቻልም» የሚል መልእክት ከመጣ ብዙዎቻችን ዲስኩ ተበላሽቷል ብለን እንደመድማለን። ብዙ ጊዜ ግን ዲስኩ ጤነኛ ነው። ችግሩ የቆየ ታሪክ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1983 አይቢኤም 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ያለው ኤክስቲ የተባለ ኮምፒውተር አወጣ። ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚናገረው መዝገብ፣ ኤምቢአር፣ በመጀመሪያዎቹ 512 ባይቶች ውስጥ ተቀመጠ። ከዚህ ውስጥ ለክፍፍሉ የደረሰው 64 ባይት፣ ማለትም የአራት ፓርቲሽን ቦታ ብቻ ነው። ለዘመኑ ይበቃ ነበር። ዲስኮች ከ2 ቴራባይት ሲያልፉ ግን መዝገቡ መቁጠር አቃተው።

ኢንቴል የጀመረው አዲሱ የማስነሻ ሥርዓት፣ የዛሬው ዩኢኤፍአይ፣ ጂፒቲን ይዞ መጣ፤ በተለምዶ 128 ፓርቲሽን ይይዛል፣ የመዝገቡንም ቅጂ በዲስኩ መጨረሻ ያስቀምጣል። አሮጌው ግን አልወጣም። ዊንዶውስ በቀድሞው ባዮስ ሲነሳ ኤምቢአርን፣ በዩኢኤፍአይ ሲነሳ ጂፒቲን ይፈልጋል። ሁለቱ ሲደበላለቁ ጫኙ እምቢ ይላል።

ስለዚህ ባለሙያው «ፎርማት ይደረግ» ሲላችሁ፣ መጀመሪያ ፍላሹ በየትኛው እንደተነሳ ጠይቁት። የማስነሻ ምርጫውን ማስተካከል ብቻ ሊበቃ ይችላል። በችኮላ የተሰረዘ ፓርቲሽን ግን የዓመታት ፎቶና ሥራ ይዞ ይሄዳል።