የከበሮ መቺው ድርሻ

ሂፕ ሆፕ የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ከአሮጌ ሸክላ ላይ ጥቂት ድምፅ ቈርጦ እየወሰደ አዲስ ሥራ ያበጃል። ጥበቡም ሳምፕሊንግ ይባላል። በ1987 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ኤስፒ 1200 የተባለው መኪና 10 ሴኮንድ ያህል ድምፅ ብቻ ይይዝ ስለ ነበር፥ ባለሙያዎቹ ባለ 33 ዙሩን ሸክላ በ45 አስሩጠው ይቀዱና በመኪናው ውስጥ መልሰው ያዘገዩት ነበር። በዚህም ድምፁ ይሻክራል፤ ችግር የወለደው ሻካራነት ግን በአድማጭ ዘንድ ተወደደ።

ከተቈረጡት ሁሉ እጅግ የታወቀው፥ ዊንስተንስ የተባለው የሙዚቃ ጓድ በ1969 ባሳተመው «ኤሜን ብራዘር» መካከል ግሪጎሪ ኮልማን ብቻውን የመታው ከበሮ ነው። ርዝመቱ ከ7 ሴኮንድ አይበልጥም፤ በሺሕ የሚቈጠሩ ዘፈኖች ግን በእርሱ ላይ ተሠርተዋል።

በ1991 አንድ የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ያለ ፈቃድ መቅዳት ስርቆት መሆኑን ፈረደ። ይሁን እንጂ ፈቃድ የሚጠየቀው የዜማውና የሸክላው ባለመብት ነው፤ የመቺው ስም በመዝገቡ ውስጥ አይገኝም። ይህ ለእኔ ቅን ፍርድ አይመስለኝም፤ የተፈለገው የእጁ ምት ነበርና። ኮልማን ስለዚህ ምንም ሳይከፈለው በ2006 አረፈ። በ2015 የሙዚቃው አፍቃሪዎች 24,000 ፓውንድ አዋጥተው ለጓዱ መሪ ለሪቻርድ ስፔንሰር ሰጡ።