የኡቲራሜሩር ግድግዳ

የቾላው ንጉሥ ቀዳማዊ ፓራንታካ በነገሠ በ12ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ919 መሆኑ ነው፣ በደቡብ ሕንድ የምትገኘው የኡቲራሜሩር መንደር ጉባኤ ተቀምጦ የአስተዳዳሪዎቹን አመራረጥ የሚወስን ደንብ አወጣ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ921፣ ያንኑ ደንብ አጥብቆ እንደገና ደነገገ። ሁለቱም ውሳኔዎች በቫይኩንታ ፔሩማል ቤተ መቅደስ የድንጋይ ግድግዳ ላይ በታሚል ቋንቋ ተቀረጹ። ዛሬም እዚያው ይነበባሉ።

ኡቲራሜሩር በአሁኑ የታሚል ናዱ ግዛት፣ ከጥንታዊቷ የካንቺፑራም ከተማ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ቫይኩንታ ፔሩማል የቪሽኑ አምላክ አንዱ መጠሪያ ነው። ከዚህ መቅደስ ሌላ በዚያው ስፍራ የሱንዳራቫራዳ ፔሩማል መቅደስ አለ፤ ባለ ሦስት ደርብ ነው፤ ቪሽኑ ከታች ቆሞ፣ በመካከል ተቀምጦ፣ ከላይ ደግሞ ተጋድሞ ይታይበታል። ምእመናኑ አገራቸውን የአምስቱ ቫራዳዎች ምድር ይሉታል፤ ቫራዳ ማለት ልመናን ሰሚ፣ በረከት ሰጪ ማለት ነው። በጥንታዊው የሕንድ ግጥም በማሃባራታ የሚወሱት አምስቱ የፓንዳቫ ወንድማማቾች እዚህ መጥተው ቪሽኑን አምልከዋል ይባላል። ትውፊቱ በሳንስክሪት የተጻፈ የራሱ ድርሳን አለው። ተመራማሪዎቹ ፍራንሷ ግሮና አር. ናጋስዋሚ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ኡቲራሜሩር ባሳተሙት ጥናት ውስጥ ይኸው ድርሳን አብሮ ወጥቷል።

እንዲህ ያሉ ድርሳናት በሕንድ በየቅዱሱ ስፍራ አሉ። ምእመኑ የረገጠው መሬት ከጥንቶቹ ጀግኖች ዘመን ጀምሮ የተባረከ መሆኑን ይነግሩታል። ስለዚህ መንደሩ መቼ ተቆረቆረ ለሚለው ጥያቄ ምስክር አድርጌ አልጠራቸውም፤ ሰዎች ስፍራውን እንዴት እንደወደዱት ግን ከእነርሱ የተሻለ የሚነግረን የለም።

ስለ አመሠራረቱ የታሪክ ጸሐፊዎች የሚይዙት ሌላ ነው። የፓላቫው ንጉሥ ዳግማዊ ናንዲቫርማን በስምንተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ መሬቱን ቬዳ የተባሉትን ቅዱሳት መጻሕፍት ለተማሩ ብራህሚኖች፣ ለካህናት ወገን ሰዎች፣ በርስትነት ሰጠ። ከእርሱ ቀጥሎ ከነገሠው ከዳንቲቫርማን ዘመን አንሥቶ ድንጋዮቹ ራሳቸው መናገር ይጀምራሉ። በልጅነት ስለ ነገሥታት ጦርነት ተምሮ ላደገ አንባቢ የእነዚህ ጽሑፎች ጉዳይ ያልጠበቀው ነው፤ ስለ ውሃ ይናገራሉ። መንደሩ በዳንቲቫርማን የማዕረግ ስም ቫይራሜጋ የተባለ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነበረው፤ ሩዙ የሚበቅለው በእርሱ ነው። ሐይቅ ደለል ይሞላዋል፤ ደለሉ በየጊዜው ካልተጠረገ መንደሩ ይራባል። ስለዚህ ሰዎች ለጉባኤው ወርቅ ያስረክባሉ፤ ጉባኤው ወርቁን ይዞ በወለዱ ደለሉን ሊያስጠርግ ቃል ይገባል፤ ቃሉም በድንጋይ ይጻፋል። የመቅደሱ ግድግዳ የመንደሩ መዝገብ ቤት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የፓራንታካ ዘመን ሁለቱ ደንቦች ተገልብጠው የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1898 ሲሆን፣ የጥንት ጽሑፎች ሊቅ የነበረው ቪ. ቬንካያ ከነትርጉማቸው በሕንድ የአርኪዮሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት የ1904–05 ዓመታዊ ዘገባ ላይ አወጣቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ታሚል መንደር አስተዳደር የጻፈ ሁሉ፣ በተለይም የታሪክ ጸሐፊው ኬ. ኤ. ኒላካንታ ሻስትሪ፣ በእነዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው የጻፈው።

ደንቡ የሚለው እንዲህ ነው። መንደሩ በ30 ሰፈሮች ተከፍሏል። በየሰፈሩ ለሹመት የሚበቁ ሰዎች ስም በዘንባባ ቅጠል ላይ ይጻፋል። ቅጠሎቹ በየሰፈራቸው ይታሰሩና እንስራ ውስጥ ይጨመራሉ። ሽማግሌውም ወጣቱም ባለበት ጉባኤ መካከል፣ በዕለቱ በመንደሩ ያሉት ካህናት አንድም ሳይቀር ተቀምጠው፣ ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋው ይነሣና እንስራውን ለሕዝቡ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ነገሩን የማያውቅ ሕፃን ይጠራል። ሕፃኑ አንዱን እስር ያወጣል፤ ቅጠሎቹ ባዶ እንስራ ውስጥ ተበትነው ከተናወጡ በኋላ አንዲቱን ይመዛል። ዕጣውን የሚቀበለው ዳኛ እጁን ዘርግቶ፣ አምስቱን ጣቶቹን ከፍቶ በመዳፉ ይቀበላል። ስሙን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ካህናቱም ተቀባብለው ያነባሉ። ያን ጊዜ ሹመቱ ጸና ይባላል። እንዲህ ከየሰፈሩ ከተመረጡት 30 ሰዎች 12ቱ ለዓመታዊው ጉባኤ፣ 12ቱ ለአትክልት፣ 6ቱ ለሐይቁ ይመደባሉ። ዘመናቸው 360 ቀን ነው፤ ጥፋት የተገኘበት ግን ወዲያው ይነሣል።

ስለ ተከፈቱት ጣቶች የጻፈው ሰው በእጅ ውስጥ የተደበቀ ቅጠል አይቶ ወይም ሰምቶ ያውቃል ብዬ አምናለሁ። እንዲህ ያለ ዝርዝር ከሐሳብ ብቻ አይመጣም። ደንቡ በሁለት ዓመት ውስጥ መታደሱም የመጀመሪያው እንዳልበቃ ይጠቁማል። በ919 ከ30 እስከ 60 የነበረው የዕድሜ ወሰን በ921 ከ35 እስከ 70 ሆነ። ግብር የሚከፈልበት መሬትና በራስ ቦታ ላይ የተሠራ ቤት ያስፈልጋል፤ ቬዳን ማወቅና ሀብትን በእውነተኛ መንገድ ማፍራትም እንዲሁ። ባለፉት ሦስት ዓመታት የተሾመ እንደገና አይገባም። ሌባ፣ ሐሰተኛ ሰነድ የሠራ፣ የተከለከለ ምግብ የበላ ስሙ እንስራው ውስጥ አይጨመርም። ተሹሞ ሒሳቡን ያላስረከበማ ራሱ ብቻ አይደለም የሚከለከለው፤ አባቱና ልጁ፣ ወንድሙ፣ አጎቱና የአጎቱ ልጅ፣ የአክስቱ ልጅ፣ አማቱ፣ የሚስቱ ወንድም፣ የእኅቱ ባል ሁሉ አብረው ይከለከላሉ። በአሁኑ ዘመን ቅጣቱ እስከ ሰባት ትውልድ ይደርስ ነበር የሚሉ አሉ። ድንጋዩ ትውልድ አይቆጥርም፤ በዚያው ዘመን በሕይወት ያሉትን ዘመዶች አንድ በአንድ ይጠራል። ይህ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል፤ ሒሳብ የሰወረ ሰው በየበዓሉ አብረውት በሚቀመጡት ሁሉ ፊት ያፍራል።

በግድግዳው ላይ ሁለተኛ አፈ ታሪክ የበቀለው በእኛ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የሕንድ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ፖለቲከኛው ቲ. ፕራካሳም በአርቃቂው ጉባኤ ፊት ኡቲራሜሩርን ጠቅሶ ስለ መንደር አስተዳደር ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የአዲሱ ፓርላማ ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲም ይህንኑ መንደር አነሡ። ኡቲራሜሩር የሺህ ዓመት ዲሞክራሲ ምስክር ተደርጎ በየመድረኩ ይጠራል።

ኩራቱ ይገባኛል። ሆኖም ጽሑፉን ያነበበ ሰው ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም። በኡቲራሜሩር ድምፅ አልተሰጠም፤ ዕጣ ነው የወጣው። ስማቸው የሚጻፈው መሬት ያላቸው፣ ቬዳ የተማሩ ብራህሚን ወንዶች ናቸው። የሐይቁን ደለል በቅርጫት የተሸከሙት፣ ሩዙን የተከሉትና ያጨዱት ሰዎች ስም ቅጠሉ ላይ አልወጣም፤ የሴቶችም እንዲሁ። ጉባኤውም ከንጉሡ ዓይን ውጭ አልነበረም፤ በሁለቱም ጊዜ ደንቡ ሲወጣ የንጉሡ ሹም በመካከላቸው መቀመጡ በራሱ በጽሑፉ ውስጥ ተገልጿል። ይህን መናገር መንደሩን ማሳነስ መስሎ የሚታያቸው አሉ፤ እኔ ግን የጻፉትን ሳይሆን ያልጻፉትን ማመስገን ለእነርሱ ክብር ነው ብዬ አላምንም።

የጻፉትማ ብዙ ነው። ስለ ሒሳብ ጸሐፊዎች የወጣው ክፍል ብዙ ጊዜ ሳይጠቀስ ይታለፋል። ሒሳብ የሚጽፈው በቅን ሥራ የሚያድር ሰው ብቻ ነው። ሒሳቡን ለትልቁ ጉባኤ አስረክቦ እውነተኛ ነው እስካልተባለ ድረስ ዳግመኛ አይሾምም። የጻፈውን ሒሳብ ራሱ ያቀርባል፤ ሌላ ጸሐፊ ገብቶ እንዲዘጋለት አይፈቀድም። ይህ ሁሉ ፀሐይና ጨረቃ እስካሉ ድረስ እንዲጸና ጉባኤው ወሰነ፤ የመንደሩ ዳኛም በጉባኤው ትእዛዝ የጻፍኩት እኔ ነኝ ብሎ ስሙን ከጽሑፉ ግርጌ አኖረ።