የት ከረማችሁ? ወላጅ፣ ልጅ እና የራያ መንገድ

በአማርኛችን «ከረመ» የሚል ግስ አለ። መክረም ማለት ክረምትን አንድ ቦታ ማሳለፍ ነው። «የት ከረምክ?» ብለን ስንጠይቅ፣ ሳናስተውለው፣ «ክረምቱን የት ተቀምጠህ አሳለፍክ?» እያልን ነው። ቃሉ ውስጥ አንድ የቆየ ልማድ ተደብቋል፤ ክረምት የመንገድ ወቅት አይደለም። ወንዝ ይሞላል፣ ጭቃው በቅሎ ይይዛል፣ ገበሬው ከማሳው አይለይም። ነገሥታቱም ቢሆኑ ዘመቻቸውን ዝናብ ሳይገባ ለመጨረስ ይጣደፉ ነበር። ከዚያ የሚከርሙበትን ከተማ መርጠው ይቀመጣሉ፤ መስቀል አልፎ ወንዙ ሲጎድል እንደገና ይነሳሉ።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። የአሜሪካና የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ረጅሙን እረፍት የሚሰጡት በእኛ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ስለዚህ ከዋሽንግተን ወይም ከለንደን ልጆቹን ይዞ ወደ አያት ቤት ለመምጣት የሚያስብ ወላጅ ብዙ ምርጫ የለውም፤ አባቶቹ ይከርሙበት በነበረው ወቅት እሱ መንገድ ይጀምራል። ትኬቱም የሚወደደው ያኔ ነው። ደግሞ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ጉዞው ለወላጁ አገር ቤት መግባት ነው፤ እዚያ ለተወለደው ልጅ ግን ውጭ አገር መሄድ ነው። አንድ ሻንጣ፣ አንድ አውሮፕላን፣ ሁለት የተለያዩ ጉዞዎች።

እስቲ ይህ ቤተሰብ መድረሻው ቆቦ ነው እንበል። ሻንጣው ከመታሰሩ በፊት፣ በዚያው በራያ ዳርቻ አድርገው በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ወደ ውጭ፣ የተጓዙ ወላጆችና ልጆችን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። ታሪካቸው ስለ ሽርሽር አይደለም። ግን ስለ ጉዞ ዕቅድ ከማንኛውም የጉዞ መጽሔት የተሻለ ያስተምራል።

መንገዱ

ቆቦ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ በኩል 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሜዳ ነው። በምዕራብ የላስታ ተራሮች ቆመውበታል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ አለ፤ ከዞብል ወዲያ አፋር ነው። ወደ ሰሜን ሲሄዱ አላማጣ ይመጣል። ከአላማጣ በግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ ሽቅብ ይወጣና ኮረም፣ ከኮረም አለፍ ሲል የአሸንጌ ሐይቅ ይገኛል። ዛሬ በቆላው መሐል የሚያልፈውን አውራ ጎዳና ጣልያኖች በወረራው ዘመን ሠሩት። ከዚያ በፊት ሠራዊትና መንገደኛ የሚመርጠው ደጋ ደጋውን ነበር። ከአሸንጌ ጫፍ ሆኖ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰው የራያን ቆላ ቁልቁል ያየዋል።

እናትና ልጅ፣ 1860 ዓ.ም.

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ሽጉጣቸውን ጠጡ። የጄኔራል ናፒየር ዘመቻ በዘመኑ ከታዩት ሁሉ በጥንቃቄ የታቀደ ነበር። 13 ሺህ ገደማ ወታደር፣ ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች፣ በዙላ ባሕር ዳርቻ የተዘረጋ ባቡር፣ 640 ኪሎ ሜትር የሚያህል የተራራ መንገድ። የዕቅዱ ሁሉ አለቃ ግን ጄኔራሉ ሳይሆን ክረምቱ ነበር። ዝናቡ ሳይገባ ደርሶ፣ ወግቶ፣ ዝናቡ ሳይገባ መውጣት! ይህም ሆኖ በመልሱ ጉዞ፣ ወደ ባሕሩ በሚያወርደው የሱሩ ሸለቆ፣ ድንገተኛ ጎርፍ ሰው ወስዷል።

በዚያ ጥድፊያ መሐል አንዲት እናትና የ7 ዓመት ልጅዋ ነበሩ፤ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ እና ልዑል ዓለማየሁ። እቴጌይቱ ሐሳባቸው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ሰሜን መመለስ ነበር። አልሆነላቸውም፤ ከእንግሊዞቹ ጋር ወደ ሰሜን አቅጣጫ ሄዱ። ጤናቸው ቀድሞውኑ የተጎዳ ነበር። ሰልፉ በአሸንጌ በኩል፣ የራያን ቆላ በስተቀኝ እየተወ፣ ወደ እንደርታ ተጓዘ። እቴጌይቱ ግንቦት ላይ በእንጣሎ አካባቢ መንገድ ላይ አረፉ፤ ጨለቆት ተቀበሩ። አባቱን ካጣ ገና ወር የሆነው ሕፃን እናቱን ቀብሮ መንገዱን ቀጠለ።

ሐምሌ ላይ፣ እኛ ዘንድ ወንዝ ሲሞላ፣ ዓለማየሁ በእንግሊዝ በጋ ፕሊመዝ ወደብ ደረሰ። ንግሥት ቪክቶሪያ ዋይት ደሴት በሚገኘው ቤተ መንግሥታቸው አዩት፤ አዘኑለት፤ ወደዱት። ሞግዚት፣ ትምህርት ቤት፣ በኋላም የጦር አካዳሚ ተገኘለት። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞተ፤ ዊንድዘር ተቀበረ። በ2007 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አጽሙ እንዲመለስ ጠየቁ። በ2023 እ.ኤ.አ. ጥያቄው እንደገና ሲነሳ የቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት «ሌሎች አጽሞችን ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም» በሚል ምክንያት እንደማይሆን አሳወቀ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ለዝሆኖቹ ሳይቀር መመለሻ ታቅዶላቸው ነበር። መመለሻ ያልታቀደለት ሕፃኑ ብቻ ነው።

አባትና ልጆች፣ 1928 ዓ.ም.

ከ68 ዓመት በኋላ ሌላ ቤተሰብ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የተሸነፈው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጦር በአሸንጌ በኩል ሲያፈገፍግ ከላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ወረደበት። ንጉሠ ነገሥቱ በኮረምና በላሊበላ አድርገው አዲስ አበባ ገቡ፤ ወዲያው እቴጌ መነንንና ልጆቻቸውን ይዘው በባቡር ወደ ጂቡቲ፣ ከዚያ በእንግሊዝ መርከብ ወደ ኢየሩሳሌም ተጓዙ። ሰኔ ላይ ጄኔቫ ቆመው አቤት ሲሉ የአውሮፓ የበጋ ሽርሽር ገና እየሞቀ ነበር። ቤተሰቡ በባዝ ከተማ ፌርፊልድ በሚባል ቤት ተቀመጠ።

ይህም ስደት ነው፤ ከአሸንጌ ሐይቅ ዳር የጀመረ ወላጅና ልጅ የተጓዙበት ስደት። ነገር ግን አንድ ልዩነት አለው። አባት አለ፣ እናት አለች፤ «እንመለሳለን» የሚል ቃልም ቤቱ ውስጥ አለ። ሲወጡ የ16 ዓመት ልጅ የነበረችው ልዕልት ፀሐይ ለንደን፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተማረች። ድል ሲሆን ሙያዋን ይዛ ተመለሰች። ዕድሜ አልሰጣትም፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ አረፈች፤ አዲስ አበባ በስሟ ሆስፒታል ተሠራላት። ሁለቱም የንጉሥ ልጆች፣ ሁለቱም በልጅነታቸው እንግሊዝ የደረሱ። አንዱን እስከ ዛሬ አጽሙን እንለምናለን። ሌላዋ የተማረችውን ይዛ መጥታ አገሯን አገለገለች። ይህን ልዩነት ያመጣው የመርከቡ ምቾት ወይም የተሸኙበት ክብር አልነበረም። አንደኛዋ አብሯት መመለሻውን የሚያስብላት ወላጅ ነበራት፤ አንደኛው አልነበረውም።

ሌላው «ውጭ አገር»

የነገሥታቱን ልጆች እንተውና ወደ ቆቦ እንውረድ። ለብዙ የራያ ቤተሰብ «ውጭ አገር» ማለት ባዝም ዋሽንግተንም አይደለም፤ ሳውዲ ነው። መንገዱ በአፋር በረሃ ወደ ጂቡቲ፣ ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን በእግር ወደ ሳውዲ ድንበር ነው። ከእ.ኤ.አ. ኅዳር 2013 ጀምሮ ሳውዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ከአውሮፕላኑ ከወረዱት መካከል እዚያ የተወለዱ ሕፃናትን ያቀፉ እናቶች ነበሩ። ለእነዚያ ሕፃናትም ኢትዮጵያ ውጭ አገር ነበረች። የእነሱን ጉዞ ደግሞ ማንም አላቀደውም፤ ቀኑንም ወቅቱንም ሌላ ሰው ወሰነላቸው።

ሦስት ክረምቶች

የቅርቡን ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ገባ፤ የትግራይ ኃይሎች ከተማዋን ያዙ። ጳጉሜን 4 ቀን፣ ሰው ለእንቁጣጣሽ በሚዘጋጅበት ሰሞን፣ በቆቦ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል የምስክሮችን ቃል ሰብስቦ ዘግቦታል። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ 18 ቀን፣ በሶለል ሰሞን፣ ለወራት ጋብ ያለው ጦርነት እንደገና የፈነዳው በዚሁ በቆቦ አካባቢ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በፋኖ ታጣቂዎችና በመንግሥት ጦር መካከል የተነሳው ውጊያ ቆቦንም አዳረሰ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ወጣ። ሦስት ክረምት በተከታታይ፣ ልጆች ወደ አያት ቤት በሚመጡባቸው ወራት፣ አያት ራሷ መሸሻ ስትፈልግ ከረመች። ከዚያ ወዲህም አካባቢው ከግጭት አልወጣም።

ታዲያ እንዴት ይታቀድ?

ከታሪኩ የምንወስደው አንደኛው ነገር ወቅቱን ማክበር ነው። የራያ ክረምት አጭር ነው፤ ጠባዩን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ቆቦ ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ዝናቡ በምዕራብ ተራሮች ላይ ይዘንብና እንደ ሆርማትና ጎሊና ያሉ ወንዞች ድንገት ይሞላሉ። ገበሬው ይህን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውንና ጤፉን ያጠጣበታል፤ የሩቁን ዝናብ ከሰማዩ መልክ ያውቀዋል። ከውጭ የመጣ ልጅ ግን ደረቅ አሸዋ አይቶ ይጫወትበታል። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፤ ወንዝ የሚገባው የአገሩ ሰው «ግቡ» ሲል ብቻ ነው። ዝናቡ ማለቂያ ላይ ደግሞ ወባ አለ። ከመነሳት በፊት ሐኪም ማማከር፣ ማታ አጎበር ውስጥ መተኛት የግድ ነው።

ሁለተኛው ነገር ልጁ ተመልካች ሆኖ እንዳይመለስ ማድረግ ነው። አሥር ቀን ሶፋ ላይ ተቀምጦ ዘመድ ሲስመው የከረመ ልጅ ከራያ ይዞት የሚሄደው የጉንጭ ሕመም ብቻ ነው! ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ወደ ዞብል ግርጌ በእግር ይሂድ፤ ከአጎቱ ጋር ማሳ ይዋል። ወፍ ጥበቃው ማሽላው ሲያፈራ፣ ከመስከረም በኋላ፣ ስለሆነ ማማ ላይ መውጣቱ አይደርስበትም፤ አረሙና ከብቱ ግን ይጠብቁታል። ሴት ልጅ ካለች ከነሐሴ 16 ጀምሮ ባሉት ቀናት እዚያ ብትገኝ መልካም ነው። በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ የሚባለው የልጃገረዶች ጨዋታ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። ከበሮውን ከእኩዮቿ ጋር ትምታ። ገበያ ይዛችኋት ስትወጡ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ ቀን ትሰማለች። የራያን ታሪክ ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር መጽሐፍ የለም።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር መመለሻውን ማሰብ ነው። ነገሩ የመልስ ትኬት ብቻ አይደለም። መመለስ ማለት ልጁ በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ «እንሂድ» እንዲል ማድረግ ነው። አዋጅ 270/1994 ወላጁ፣ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አውጥቶ ያለ ቪዛ እንዲገባ ይፈቅዳል፤ ወረቀቱን ማውጣት የመመለስ አንድ ምልክት ነው። የአያቷን ስልክ በልጅቷ እጅ ላይ መተው ሌላው ነው።

መንገዱ ሰላም ካልሆነስ? ያኔ አለመሄድም ዕቅድ ነው። ቀኑን የምትቆርጡት የአገሩን ሰው ጠይቃችሁ ይሁን፤ ትኬቱ ረከሰ ብሎ ልጅ ይዞ ወደ ተኩስ መግባት የለም። አያትን አዲስ አበባ አምጥቶ ማገናኘትም ጉዞ ነው፤ ምናልባትም ለአያት የመጀመሪያዋ ረጅም ጉዞ ይሆናል። ቆቦ ሌላ ክረምት ትጠብቃለች። ናፒየር ዝናብን ፈርቶ ተጣደፈ፤ እናንተ አትጣደፉ። ልጁ ሄዶ ይመለስ፣ ተመልሶም ይሂድ። በሚቀጥለው መስከረም የክፍል ጓደኞቹ «የት ከረምክ?» ሲሉት የሚመልሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይኑረው።

ቸር ያክርመን።