ዳሊያ ከየት መጣች?



ክረምቱ ሲጋመስ በጨለለቂ በየግቢው በር የምትፈካውን ዳሊያ ብዙዎቻችን «የፈረንጅ አበባ» እንላታለን። ስሟ በእርግጥ የፈረንጅ ነው። ትውልዷ ግን በሜክሲኮ ተራሮች ላይ፣ እንደ እኛ አገር ባለ ደጋ ነው። ነገሩ የስም ክርክር ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ ስንት ሥር በስብሶ እንደሚቀርብን የምናውቀው እኛ ነን።

የሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች ስፔናውያን ከመምጣታቸው በፊት ያውቋት ነበር። ግንዷ ውስጡ ክፍት ስለሆነ በናዋትል ቋንቋ ከሚጠሯት ስሞች አንዱ አኮኮትሊ፣ ማለትም «የውሃ ቧንቧ» ነው። በ1570ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከስፔን የተላከው ሐኪም ፍራንሲስኮ ኤርናንዴዝ የአገሩን ዕፅዋት ሲመዘግብ እርሷንም ጻፈ። ወደ ማድሪድ የተላከችው ግን ከ200 ዓመት በኋላ በ1789 ነው። እዚያ ያሳደጋት አንቶኒዮ ሆሴ ካቫኒየስ በ1791 በስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ በአንደርስ ዳል ስም ሰየማት። ዳል ያረፈው በ1789 ነውና በስሙ መጠራቷን አላየም።

ሥሯ ድንች ስለሚመስል አውሮፓውያን ለምግብ ሞክረዋት፣ ጣዕሟን ስላልወደዱት ተዉት። (አንጮቴ ቀቅላ በቅቤ ለመስቀል የምታቀርብ የወለጋ እናት ብታገኛት ኖሮ ታሪኳ ሌላ ይሆን ነበር እላለሁ።) እንዲያ ሆና ለአበባዋ ብቻ ቀረች። በ1872 ከሜክሲኮ ወደ ሆላንድ የተላከ አንድ ሣጥን ሥር መንገድ ላይ በስብሶ ደረሰ፤ በሕይወት የተገኘችው አንዲት ሥር ብቻ ናት ይባላል። ዛሬ ካክተስ ዳሊያ የምንላቸው፣ የአበባቸው ቅጠል እንደ ቀንድ የሾለው ዝርያዎች፣ የእርሷ ዘሮች ናቸው።

አውሮፓ በረዶ አለና አትክልተኞቹ ሥሯን በመከር ነቅለው በምድር ቤት ያስቀምጣሉ። መጽሐፎቹም የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ነቀምቴ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ጥቂት ከፍ ትላለች፤ ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ ናት፤ በሁለቱም ዝናቡ የሚያይለው ከግንቦት እስከ መስከረም ነው። ልዩነቱ የእኛ ዝናብ ከእነርሱ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ የእኛ ጠላት ውሃ እንጂ ብርድ አይደለም። በግንቦት ስንተክል መሬቱ ከፍ ተደርጎ ውሃው የሚወርድበት ቦይ ይውጣለት። የቀርከሃውም ድጋፍ ያኔውኑ ይተከል፤ በኋላ ሲተከል ሥሩን ይወጋል። ዝናብ ሳያባራ ግንዷን ከሥሯ አጠገብ መቁረጥ ደግሞ ትልቅ ጥፋት ነው። ክፍቱ ግንድ ውሃውን ተቀብሎ ወደ አንገቷ ያወርደዋል፤ የድሮ ስሟን ያወጡላት ሰዎች ይህን ጠባይዋን ሳያዩ አልቀሩም።

ቅጠሏ በኅዳርና በታኅሣሥ ከደረቀ በኋላ ውሃ በማይቋጥር መሬት ያለችው ባለችበት ልትተው ትችላለች። ለመከፋፈል የምትነቀለው ደግሞ በጥላ ቦታ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ትቀመጥ። ድንች ዐይኑ በመላ ገላው ላይ ነው፤ የዳሊያ ግን ሥሩ ከግንዱ በሚገናኝበት አንገት ላይ ብቻ ነው። አንገቱ የተሰበረ ሥር የቱንም ያህል ቢወፍር አይበቅልም፤ ይህን ለጎረቤቷ የምትሰጥ ወይም የምትሸጥ እህት ባዶ መሬት ነው የምታስጠጣት። በዘር ማብዛትም ይቻላል፤ ነገር ግን ከዘር የበቀለችው የእናቷን ቀለም አትይዝም። ሥሮቹ ከተነቀሉ በኋላ ቀይዋን ከነጯ መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ አበባው ሳይረግፍ በጥቅምት በየግንዱ ላይ የቀለም ክር ይታሰር።